ቲ-37ኤ፦ ተንሳፋፊው ቀላል ታንክ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የተጠቃሚው?

#1 ቃኚ_08

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሀል ስለተሠሩ ተንሳፋፊ ታንኮች በተነሳ ቁጥር ወሬው «ቆርቆሮ ነበር፣ በ1941 አለቀ» ተብሎ ይዘጋል። በብዛት ስለተመረተው ስለ ሶቪየቱ ቲ-37ኤ ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብንነጋገር ብዬ ነው ይህን የከፈትኩት። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ ግራ እንዳትጋቡ።

መሠረታዊው ይኸውላችሁ። ክብደቱ 3.2 ቶን፣ ርዝመቱ 3.7 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 1.84 ሜትር። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሾፌሩ በግራ፣ አዛዡ ደግሞ በቀኝ በኩል ባለችው ትንሽ ተሽከርካሪ ማማ ውስጥ። መሣሪያው አንድ 7.62 ሚሜ ዴቴ መትረየስ ብቻ ነው። 34 ዲስክ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ዲስክ 63 ጥይት ይጎርሳል፣ በድምሩ 2142። የብረት ልብሱ ከ4 እስከ 9 ሚሜ። ሞተሩ የጋዝ-ኤኤ የጭነት መኪና ሞተር፣ 40 የፈረስ ጉልበት። በጥሩ መንገድ በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ ውኃ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ከ1933 እስከ 1936 ድረስ ሞስኮ ያለው ፋብሪካ ቁጥር 37 ከ2,500 በላይ አምርቷል። ለዚያ ዘመን ብዙ ነው። ሌላ አገር ተንሳፋፊ ታንክ በዚህ ቁጥር አልሠራም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ጀርመን ሶቪየትን በወረረችበት በ1941 የደረሰበት ጥፋት ከአሠራሩ የመጣ ነው ወይስ ያልተሠራበትን ሥራ ስላሠሩት? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን በቁጥር ተከራከሩኝ።

#2 ዘመነ_ብረት

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ወንድሜ። ታንክም ጀልባም ልሁን ያለ ነገር ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። 9 ሚሜ ብረት ተራ የጠመንጃ ጥይትና ፍንጣሪ ይመልስ ይሆናል፤ ብረት በሺ ጥይት ከቅርብ ሲመጣ ግን አያቆመውም። ማንኛውም ፀረ ታንክ መድፍ ደግሞ ከወዲያ ማዶ እስከ ወዲህ ማዶ በስቶት ያልፋል። በጠመንጃ የሚበሳ ታንክ ታንክ ነው እንዴ? ለእኔ ጥፋቱ ሥዕሉ ላይ ነው የጀመረው።

#3 ላሜራ

ዘመነ፣ ሥዕሉን ከመውቀስህ በፊት እስቲ ሒሳቡን እንየው። የዚህ ታንክ ነገር ሁሉ ከውኃው ሒሳብ ነው የሚመጣው።

3.2 ቶን የሚመዝን ነገር እንዲንሳፈፍ 3.2 ሜትር ኩብ ውኃ መግፋት አለበት። ይህ አነስተኛው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል፤ ማዕበል ሲመጣ፣ ሲያጋድል፣ ትንሽ ውኃ ሲያስገባ እንዳይሰጥም። የታንኩ አካል ብቻውን ይህን መጠባበቂያ ስላልሰጠ ነው ከሰንሰለቱ በላይ በግራና በቀኝ ፓራፋንጎው ላይ ቡሽ የተሞሉ ሣጥኖች የተደረጉት። ሣጥኖቹ ሁለት ጥቅም አላቸው። አንደኛ የሚገፋውን ውኃ ይጨምራሉ። ሁለተኛ ከአካሉ ወጣ ብለው በጎን ስለተቀመጡ ታንኩ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የዚያ ጎን ሣጥን ጠልቆ መልሶ ያነሳዋል። ቡሽ የተመረጠበት ምክንያትም ግልጽ ነው፦ ባዶ ሣጥን በጥይት ቢበሳ ውኃ ይሞላል፣ ቡሽ የሞላበት ግን ቢበሳም መንሳፈፉን አይተውም።

አሁን ክብደት እንጨምርበት። ታንኩ ውኃውን የሚነካበትን አግድም ስፋት በግምት 5 ካሬ ሜትር እንበል። በ5 ካሬ ሜትር ላይ 100 ኪሎ ስትጨምር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። የአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ዘመነ እንዳለው ልብሱን እናወፍር ብለን ከ9 ወደ 13 ሚሜ ብናሳድገው፣ በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ከፍ ይላል። ፊቱንና ጎኖቹን ብቻ፣ 8 ካሬ ሜትር ብንሸፍን 250 ኪሎ ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ሰመጠ ማለት ነው። ጭማሪው ፊት ላይ ከበዛ ደግሞ እኩል አይወርድም፣ በአፍንጫው ይደፋል። በአፍንጫው ሲደፋ ወደፊት በሄደ ቁጥር የራሱ ማዕበል ይወጣበታል። 4 ሚሜ ብረት ጠመንጃን በትክክል ሳያቆም ታንኩን አሰጠመው ማለት ነው።

ስለዚህ 9 ሚሜው ውኃው የፈቀደው ልክ ነው። ንድፈኛው ቸል ብሎት የቀረ አይደለም።

#4 ሞዴሊስት_ወጣቱ

ጋሽ ላሜራ በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህን ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ልብሱ ይቅር፤ ከ7.62 ይልቅ 12.7 ሚሜ መትረየስ ለምን አልገጠሙለትም? እሱ እኮ 250 ኪሎ አይሞላም።

#5 ላሜራ

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ዴሽካ የተባለው 12.7 ሚሜ መትረየስ መሣሪያው ብቻውን 34 ኪሎ ገደማ ነው። ችግሩ መሣሪያው አይደለም፣ የሚከተለው ነው። የቲ-37ኤ ማማ ለአንድ ሰውና ለአንድ ቀላል መትረየስ የተለካ ስለሆነ ማማውን ማስፋት አለብህ። ማማ ደግሞ ከሁሉም ክፍል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። እዚያ ላይ የጨመርከው እያንዳንዱ ኪሎ የስበት ማዕከሉን ወደ ላይ ይጎትታል፣ ታንኩም ውኃ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። የጥይቱ ክብደትም አለ፤ አሁን ያሉት 2142 ጥይቶች ያለ ዲስካቸው 47 ኪሎ ያህል ናቸው። የ12.7ቱ አንዱ ፍሬ የ7.62ቱን ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል።

መፍትሔው በኋላ መጥቷል፣ ግን ሌላ ታንክ ሆኖ ነው። ቲ-40 የሚባለው 12.7 ሚሜውን ተሸክሟል፤ ይህን ለማድረግ 5.5 ቶንና 85 የፈረስ ጉልበት አስፈልጎታል። አካሉ ራሱ በቂ ውኃ እንዲገፋ ተደርጎ ስለተሳለ የጎን ሣጥን የለውም።

#6 ካምቢዮ

ከሞተርና ከካምቢዮ ወገን ልጨምር፤ መንገድ ላይ የሚያስቸግረው እዚያ ነውና።

የጋዝ-ኤኤ ሞተር በፎርድ ፈቃድ የተሠራ ባለ 4 ሲሊንደር ነው፤ 3.28 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት በ2200 ዙር። አንድ ቶን ተኩል ለሚጭን መኪና የታሰበ ነው። 3.2 ቶን ላይ ሲገባ ለአንድ ቶን 12.5 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ቁጥሩ ለዘመኑ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን መኪና ጎማ ላይ ሲንከባለል የሚያርፍበት ጊዜ አለው፣ በጭቃ ሰንሰለት የሚጎትት ታንክ ግን የለውም። በዚያ ላይ ሞተሩ አየር እንደልብ በማያገኝበት የተዘጋ ብረት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ይሞቃል። በረጅም ጉዞ ሲሞቅ ቆሞ ማብረድ ግድ ነው።

የኃይሉ መንገድ እንዲህ ነው። ባለ አንድ ዲስክ ደረቅ ፍሪሲዮን፣ ባለ 4 ማርሽ የመኪና ካምቢዮ፣ ከዚያ የመኪና ዓይነት ዲፈረንሺያል፣ በግራና በቀኝ ፍሬን። የሚጎትተው ጥርሳም መዘውር ፊት ላይ ነው። ለመታጠፍ የአንዱን ጎን ፍሬን ትይዛለህ። ዲፈረንሺያሉ ያን ጎን ሲያዘገይ ሌላውን ያፈጥነዋል። በዝግታ ስትሄድ ጥሩ ነው። በፍጥነት ስትታጠፍ ግን አንዱ ሰንሰለት በድንገት ይሮጣል፣ ጠባቡ ሰንሰለት ወደ ጎን ይጎተታል፣ በጥርሱና በሰንሰለቱ መሀል ጭቃ ካለ ደግሞ ይወልቃል። የቲ-37ኤ ሰንሰለት መውለቅ የታወቀ ቅሬታ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ብቻ ነው፦ የሰንሰለቱን ውጥረት ከጉዞ በፊት ማየትና ከመታጠፍ በፊት ፍጥነት መቀነስ። ተከትሎት በመጣው ተንሳፋፊ ታንክ በቲ-38 ላይ ዲፈረንሺያሉን አውጥተው የጎን ፍሪሲዮን ያስገቡት ለዚህ ነው።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ ከካምቢዮው ተጨማሪ ኃይል የሚወስድ ዘንግ እስከ ኋላ ድረስ ሄዶ ባለ ሁለት ምላስ ፕሮፔለር ያዞራል። ምላሶቹ በቦታቸው ዞረው አቅጣጫቸው ይገለበጣል፤ ስለዚህ ካምቢዮውን ሳይነኩ ወደኋላ መቅዘፍ ይቻላል። ከፕሮፔለሩ ኋላ መሪ አለ።

እንዲህ ያለ ታንክ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ከሥር ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ክዳኖች ሁሉ መጥበቃቸውን በእጅ ነካክቶ ማረጋገጥ፤ ከሁሉ በላይ ታንክ ያሰጠመ የተረሳ ክዳን ነው። ቀጥሎ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከአካሉ የሚወጣበት ማሸጊያ። እዚያ ጋ ጠብታ ካለ ውኃ ውስጥ ጅረት ይሆናል። ከዚያ ዳርቻውን በእግር መርገጥ፤ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም። መግቢያ ላይ በአንደኛ ማርሽ፣ ከዳርቻው ጋር ቀጥ ብሎ። አግድም ከገባህ አንዱ ጎን ቀድሞ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ገና መሬት ላይ ነው፣ ያጋድላል። ሰንሰለቱ መሬት ከለቀቀ በኋላ ፕሮፔለር። መውጫ ላይ ደግሞ መሬት ሳይነካ ቀድሞ ሰንሰለቱን ማንቀሳቀስ፤ አፍንጫው ከነካ በኋላ ብትጀምር ጅረቱ ጎን ለጎን ያዞርሃል።

የሚረሳው ነገር ጅረቱ ነው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 1.67 ሜትር ነው። 400 ሜትር ወንዝ በ4 ደቂቃ ይሻገራል። ጅረቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ከሆነ በእነዚያ 4 ደቂቃዎች 240 ሜትር ወደ ታች ይወስድሃል። ስለዚህ መውጫህ የተመቸ ቦታ ከሆነ መግቢያህ ከዚያ 240 ሜትር ወደ ላይ ነው። ከመውጫው በታች ገደል ካለ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ በ6 ኪሎ ሜትር ጅረትን ሽቅብ ታግሎ መመለስ እጅግ ይከብዳል።

#7 ዘመነ_ብረት

የካምቢዮ አቀራረብ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ሁላችሁም የሶቪየት ሥራ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ይህ እኮ የእንግሊዙ የቪከርስ ቅጂ ነው። ገዙት፣ ገለበጡት፣ አለቀ።

#8 ቃኚ_08

ግማሹ እውነት ነው። ቪከርስ-ካርደን-ሎይድ ተንሳፋፊ ታንካቸውን በ1931 ለሰው አሳዩ፤ ፎቶውም በጋዜጣና በመጽሔት ወጣ። ክብደቱ 2.2 ቶን ገደማ፣ የጎን መንሳፈፊያዎቹ በባልሳ እንጨት የተሞሉ፣ ውኃ ላይ በሰዓት 9.7 ኪሎ ሜትር የሚሄድ። የእንግሊዝ ጦር ራሱ አልወሰደውም፤ ኩባንያው ግን ለውጭ ሸጠው። ቻይና 29 ገዝታ በ1937 ሻንጋይ ላይ ተዋግታባቸዋለች። ሶቪየቶች 8 ገዙ።

ነገር ግን የሶቪየት መሐንዲሶች ሥራ የጀመሩት የተገዙት ታንኮች ከመድረሳቸው በፊት፣ በዚያው በታተመው መረጃ ላይ ተመሥርተው ነው። ሌኒንግራድ ቲ-37 የተባለ፣ ሞስኮ ቲ-41 የተባለ ሠሩ። ቲ-37ኤ የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው፤ የእንግሊዙን ካዩ በኋላ ያስተካከሉት ነገርም አለ። የጎማው አሠራር የእንግሊዝ አይደለም። በየጎኑ አራት ተሸካሚ ጎማ አለ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በመቀስ ቅርጽ ተያይዘው በመሀላቸው አግድም ሞላ ተቀምጧል። አንዱ ጎማ ሲነሳ ሞላው ተጨምቆ ሌላውን ይጫነዋል።

ትልቁ ልዩነት ሞተሩ ነው። ቪከርስ ቀላልና ጉልበተኛ የሜዶውስ ሞተር ነበረው። ሶቪየት ያንን በሺዎች መሥራት አትችልም ነበር፤ የምትችለው ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በ1932 የተጀመረውን የፎርድ ሞተር ነው። ስለዚህ ታንኩን በሞተሩ ልክ ሰፉት። ከባዱን ሞተር ለመሸከም አካሉ አደገ፣ አካሉ ሲያድግ ክብደቱ አንድ ቶን ጨመረ፣ ውኃ ላይ ያለው ፍጥነትም ወረደ። ቅጂ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይለያይም ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ምርቱ ቀላል አልሆነም። ታንኩ ነሐሴ 11 ቀን 1932 ተቀባይነት ሲያገኝ አንድም መደበኛ ታንክ ገና አልወጣም ነበር። ለ1933 የታቀደው 1200 ነበር፤ የወጣው 126 ነው። ማነቆው ሞተሩ አልነበረም፣ የብረት አካሉ ነው። ቪክሳ ያለው ፋብሪካ ብረት ለበስ አካል በሚፈለገው ጥራትም ብዛትም አላደረሰም። ሞተርና ካምቢዮ ተደርድሮ አካል ይጠበቅ ነበር።

#9 ሽሬ_በር

የካርደን ሎይድ ስም ከተነሳ አንድ ዘመድ አስታውሼ ልለፍ፤ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. (ይህ በእኛው ነው) ወደ አገራችን ያስገባቸው ትናንሾቹ ሲቪ-33 ታንኮች የዘር ሐረጋቸው እዚያው ነው። ኢጣሊያ ካርደን ሎይድ ማርክ 6ን ገዝታ ሲቪ-29 አለችው፣ ከዚያ ሲቪ-33 ወጣ። የሶቪየቱ ቲ-27 የተባለውም ከዚያው ከማርክ 6 ነው፤ ቲ-37ኤን የሠራው ፋብሪካ ቁጥር 37 ከዚያ በፊት ያመርት የነበረው እሱን ነው።

ልዩነቱን ለማየት ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሽሬ አካባቢ ደምበጊና በር ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። የልዑል ራስ እምሩ ጦር ግንባር ቀደም ክፍል የኢጣሊያኖቹን ትናንሽ ታንኮች በጠባቡ መንገድ ላይ ከቦ ያዛቸው። ሲቪ-33 ማማ የለውም፤ መትረየሱ ፊት ለፊት የተተከለ ስለሆነ በጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። በጎንና በኋላ የቀረበውን ሰው ማየትም መምታትም አይችልም። ወታደሮቹ ከኋላ እየወጡበት ከንቱ አደረጉት። ቲ-37ኤ በዚያ ቦታ ቢሆን ቢያንስ ማማውን ያዞር ነበር። ዘመነ «ታንክ ነው እንዴ» ሲል ይህን አስብ። በዚያ ዘመን ብዙ ሠራዊት ታንክ ብሎ የያዘው ከዚህ ያነሰ ነበር።

#10 ዘመነ_ብረት

የደምበጊናውን እቀበላለሁ። የማማውን ነገር በደንብ አስቀመጥከው።

#11 ክንፋም

አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፦ ታንኩን በአውሮፕላን መውሰድ። ቲ-37ኤ 3.2 ቶን ብቻ ስለሆነ ባለ አራት ሞተሩ ቲቢ-3 ቦምብ ጣይ ከሆዱ ሥር አንጠልጥሎ ይዞት ይበር ነበር። በ1930ዎቹ የሶቪየት ልምምዶች ላይ ይህ ታይቷል። አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ታንኩ ከማንጠልጠያው ይፈታል፣ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ሠራተኞቹ የሚጓዙት አውሮፕላኑ ውስጥ ነው።

ከዚያ አልፈው በ1936 ታንኩን ያለ ሰው፣ ዝቅ ብሎ ከሚበር አውሮፕላን በቀጥታ ውኃ ላይ መጣል ሞከሩ። ሐሳቡ ማራኪ ይመስላል፤ ተንሳፋፊ ነው፣ ውኃም ለስላሳ ነው። ግን በዚያ ፍጥነት የተመታ ውኃ ለስላሳ አይደለም። ከሥር ያለው ብረት 4 ሚሜ ነው፤ ምቱን ለማብረድ ከሥሩ መከላከያ ቢያስሩለትም ወለሉ ተጎዳ፣ መጋጠሚያዎቹ አፈሰሱ፣ ውኃ ገባ። ሙከራው እዚያ ቆመ። ቡሹ ስለ መውደቅ የሚያደርገው ነገር የለም።

#12 ሞዴሊስት_ወጣቱ

ይቅርታ፣ ወደ ጠረጴዛ ሥራ ልመልሳችሁ። በ1:35 ልኬት (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ) ሞዴሉን ልሠራ ነው። ድሮ ፎቶዎች ላይ «ቲ-37» ተብለው የሚቀመጡት ግማሾቹ ቲ-38 ይመስሉኛል። በቀላሉ እንዴት ነው የሚለዩት? የሬዲዮ ያለውስ?

#13 ላሜራ

መጀመሪያ ማማውን እይ። ታንኩን ከኋላው ቆመህ ወደፊቱ እያየህ እንደሆነ አስብ። ማማው በቀኝ ከሆነ ቲ-37ኤ ነው፣ በግራ ከሆነ ቲ-38። ሾፌሩም ተገላቢጦሽ ነው። ይህ ምልክት ብቻውን ይበቃል። ግን ፎቶው በተገላቢጦሽ ታትሞ ከሆነ ያሳስትሃል፤ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያዝ።

ሁለተኛ ፓራፋንጎው። ቲ-37ኤ ላይ ከሰንሰለቱ በላይ ወፍራም ሣጥን ታያለህ፣ ቡሹ ያለበት። ቲ-38 ላይ ሣጥን የለም፣ ስስ ፓራፋንጎ ብቻ ነው፤ አካሉ ራሱ ስለሰፋ አያስፈልገውም። ስፋቱ ከ1.94 ወደ 2.33 ሜትር ሄዷል፣ ከፍታው ግን ከ1.84 ወደ 1.63 ወርዷል። ስለዚህ ቲ-38 ዝርግና ጎባጣ ይመስላል፣ ቲ-37ኤ ደግሞ ጠበብ ብሎ ከፍ ያለ። ኋላውን ካገኘህ ፕሮፔለሩን ቁጠር፤ ሁለት ምላስ ቲ-37ኤ፣ ሦስት ምላስ ቲ-38።

ለቲ-37ኤ ሁለት ዓይነት አካል አለ። አንዱ ቀጥ ያለ ሰሌዳ በሪቬትና በብየዳ የተያያዘ ነው። ሌላው ከፖዶልስክ ፋብሪካ የመጣው ነው፤ ክፍሎቹ በፕሬስ የታጠፉ ስለሆኑ ማዕዘኖቹ ክብ ናቸው፣ ሪቬቱም ትንሽ። ሪቬት ከመለጠፍህ በፊት የትኛውን እንደምትሠራ ወስን። የምታገኘው ፎቶ አንዱን ዓይነት ሆኖ የምትገጣጥመው ሌላውን ከሆነ በኋላ መፋቅ ነው።

ሬዲዮ ያለው የታወቀ ምልክት አለው፦ አካሉን ዙሪያውን የሚከብ የእጅ መያዣ የመሰለ ቱቦ። አንቴናው እሱ ነው። ከ600 በላይ የሚሆኑት በዚህ መልክ ለአዛዦች ተሠርተዋል። የቀሩት ሬዲዮ የላቸውም፤ በባንዲራ ነው የሚግባቡት። የሬዲዮ ታንክ ስትሠራ ውስጡን የምታሳይ ከሆነ የጥይት ዲስኩን ቀንስ፤ ሬዲዮው ቦታ ወስዷል።

አረንጓዴ ቀለም ቀባው፣ ብዙ አትጨነቅ። ሞልቶ የፈሰሰ ዝገት ግን አታድርግበት፤ የሚንሳፈፍ ታንክ ዝገት ሲወጣው ዝም ብለው አያዩትም፣ ምክንያቱም መጋጠሚያው ነው ቀድሞ የሚበላው።

#14 ዘመነ_ብረት

እሺ፣ አሁን ወደ ጦርነቱ። ቃኚ «ያልተሠራበትን ሥራ አሠሩት» ብሏል። እስቲ የተሠራበትን እንይ። ዓላማው ቅኝት ነው፦ ከሠራዊቱ ቀድሞ ወንዝ ተሻግሮ፣ አይቶ፣ ተመልሶ መናገር። አይቶ ለመናገር ሬዲዮ ይፈለጋል፤ ብዙዎቹ ሬዲዮ የላቸውም። ማማ ውስጥ ያለው አዛዥ አንዱ ሰው ያያል፣ ይተኩሳል፣ ባንዲራ ያውለበልባል፣ ሾፌሩን ይመራል። ይህ የማሽኑ እንጂ የተጠቃሚው ጥፋት አይደለም።

በ1939 እና 1940 ክረምት ፊንላንድ ላይ ምን ሆነ? ውኃው በረዶ ሆኖ ነበር፤ መንሳፈፉ ዋጋ የለውም። ጠባቡ ሰንሰለትና ትንሹ ሞተር ጥልቅ በረዶ ላይ ደከሙ። ፈንጂ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወለሉ 4 ሚሜ ነው፣ ሁለቱም ሰዎች እላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ለዋና መምሪያ ጥበቃና ለመልእክት አሠማሯቸው።

1941 ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ቲ-37ኤ በመዝገብ ላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ጥገና የሚፈልጉ፣ መለዋወጫ የሌላቸው። የጋዝ ሞተር ያልቃል፣ ሰንሰለቱ ይሳባል፣ ማሸጊያው ይደርቃል። የደረቀ ማሸጊያ ያለው ተንሳፋፊ ታንክ ደግሞ የማይንሳፈፍ፣ ልብሱ የሳሳ ታንክ ነው፤ ሁለቱንም አጣ። ያላቸውን ይዘው እግረኛ ጦርን እንዲደግፉ ፀረ ታንክ መድፍ ፊት ላኳቸው።

#15 ጣና_ዳር

ዘመነ፣ የመጨረሻው አንቀጽህ እኮ ለቃኚ ነው የመሰከረው። እግረኛ መደገፍ ሥራው አልነበረም።

ግን ማንም ያላነሳው አንድ ቦታ አለ፤ ሥራውን በትክክል የሠራበት። ስቪር ወንዝ፣ ሎዴይኖዬ ፖሌ፣ ሰኔ 21 ቀን 1944። የሶቪየቱ የካሬልያ ግንባር 92ኛው ልዩ ታንክ ሬጅመንት ከፊንላንድ ጦር ጋር ሲዋጋ የተረፉትን ቲ-37ኤና ቲ-38 ሰብስቦ በአንድ ላይ አሰለፈ። በ1944 ይህ ታንክ ከአሥር ዓመት በላይ ያረጀ ነው፤ ጎረቤቱ ቲ-34-85 ነው። ግን ቲ-34 ድልድይ ወይም ፖንቶን (ተንሳፋፊ መሻገሪያ) ካልመጣለት ወንዝ አይሻገርም።

ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ከሦስት ሰዓት በላይ የመድፍና የአየር ድብደባ፤ በወዲያኛው ዳርቻ ያለ ፀረ ታንክ መሣሪያ ዝም እስኪል። ከዚያ ከታንኮቹ ጋር እግረኛው በጀልባና ከአሜሪካ በመጡ ተንሳፋፊ መኪኖች ተሻገረ። ታንኮቹ ከውኃው ሳይወጡ መትረየሳቸውን ወደ ዳርቻው ያርከፈክፉ ነበር። ወጥተው እግረኛውን በዳርቻው ላይ በማስጠጋት ይዘው ቆዩ፤ ከኋላ ድልድዩና ከባዱ መሣሪያ እስኪመጣ። የተጠየቁት ለጥቂት ሰዓታት መትረየስ ማዶ ማድረስ ነው። 9 ሚሜው ለዚያ በቅቷል፣ ምክንያቱም 9 ሚሜን የሚበሳው ነገር ቀድሞ ተነስቷል።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ የፊንላንድ ጦር በዚያ ሰሞን ከደቡቡ ዳርቻ ወጥቶ ወንዙን ይዞ የነበረውን ኃይል ቀንሶ ነበር። ሙሉ ኃይል ቢገጥማቸው ኖሮ ሌላ ታሪክ ነው። እንደዚያው በመስከረም 1942 ቲ-38ዎች የኔቫን ወንዝ ሲሻገሩ የነበረው ሁኔታ የተለየ ነው፤ ማዶው ያልተደበደበና የነቃ ጠላት ነበር፣ የተሻገሩት ታንኮች አልዘለቁም። ታንኩ ያው ነው። ልዩነቱ ከመሻገሩ በፊት ማዶው ላይ ምን ተሠራ የሚለው ነው።

#16 ዘመነ_ብረት

የስቪሩ አሳምኖኛል ማለት አልችልም፤ አንቺ ራስሽ እንዳልሽው ማዶው ሳስቶ ነበር። ግን ከኔቫው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነገሩ ይገባል። የሬዲዮውን ነጥቤን ግን ማንም አልመለሰውም።

#17 ካምቢዮ

የሬዲዮው ነጥብህ ትክክል ነው፤ የሚመለስ ነገር የለውም። ከ2,500 በላይ ታንክ 600 ገደማ ላይ ብቻ ሬዲዮ ካለ ቀሪው የሚያየውን የሚናገርበት የለውም።

ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር ልጨምር። የመንሳፈፍ ሐሳብ እንዴት እንደተጣለ የሚያሳየው ከቲ-40 በኋላ ያለው ነው። ቲ-40ን የሳለው ኒኮላይ አስትሮቭ ነው፤ ጦርነቱ በ1941 ሲጀምር በዚያው አካል ላይ ተመሥርቶ ቲ-60ን አወጣ። መጀመሪያ ያወጣው ምንድን ነው? ፕሮፔለሩን፣ ዘንጉን፣ መሪውን፣ ከካምቢዮው ኃይል የሚወስደውን ክፍል። እነዚህ ሲወጡ ቦታና ክብደት ተለቀቀ። አካሉ ውኃ መግፋት ስለማይጠበቅበት ዝቅ አለ፤ ትንሽ አካል ደግሞ በዚያው ብረት ወፍራም ልብስ ይለብሳል። መትረየሱ በ20 ሚሜ መድፍ ተተካ። ሞተሩ ያው የጋዝ የስድስት ሲሊንደር ነው። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ ተሠራ።

ጋሽ ላሜራ #3 ላይ የሠራውን ሒሳብ በተገላቢጦሽ አንብቡት። መንሳፈፉን ስትተው በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚመለስልህ ብረት ነው። ሞዴሊስት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ልትሠራ ከሆነ ይህን ልዩነት በ1:35 ላይ በግልጽ ታየዋለህ፤ ቲ-40 አፍንጫው ወደ ፊት ወጣ ብሎ እንደ ጀልባ ያነሳል፣ ቲ-60 ግን አጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

#18 ሞዴሊስት_ወጣቱ

ሁለቱንም እሠራለሁ። ቲ-37ኤውን የምጀምረው በሪቬቱ አካል ነው። ጋሽ ላሜራ፣ የመቀስ ሞላውን በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የጠመዘዝኩት 0.5 ሚሜ ሽቦ ይበቃል? ወይስ ወፍራም ያስፈልጋል?

#19 ላሜራ

በዝቷል። እውነተኛው ሞላ በ1:35 ሲቀነስ ሽቦው ከ0.5 የቀጠነ መሆን አለበት፤ 0.3 ሞክር። ቱቦ ላይ ጠምዝዘህ ስትጨርስ ቱቦውን አውጣውና ሞላውን አጥብቀህ ሳትጨምቀው አስቀምጥ፣ በጥምዝምዞቹ መሀል ብርሃን መታየት አለበት። አራቱንም ጎማዎች መሬት አስነክተህ ከጨረስክ በኋላ ብቻ አጣብቃቸው። አንዱ ከፍ ካለ ሰንሰለቱ ላይ ያሳብቃል።